ጃይሮሲ የሚስቱን የውስጥ ቀሚስ ያጠበ ዕለት

በሙታሬ ከተማ፣ በሳኩብቫ ሰፈር ወንድ ልጅ ብዙ ነገር ይቅር ይባልለታል። ቢሰክር ይቅር ይባላል፤ ሚስቱን ቢመታ ይቅር ይባላል፤ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ቢጠጣበት እንኳ "ምን ያድርግ፣ ኑሮ ነው" የሚልለት አያጣም። የሚስቱን የውስጥ ቀሚስ አጥቦ ሰው እያየው ካሰጣ ግን አበቃ። አበቃ ስል እሱን ማለቴ አይደለም። የሚያበቃላት ሚስቱ ናት።

ጃይሮሲ ይህን ያደረገው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው፤ ሴቱ ሁሉ በጋራው ቧንቧ ዙሪያ ልብስ በሚያጥብበት ሰዓት። ባልዲውን ይዞ በመሃላቸው ገባ፣ ተንበረከከ፣ ነጩን የውስጥ ቀሚስ ሳሙና ቀብቶ ቀስ አድርጎ አሸው። አለቅልቆ ጨመቀው። ከዚያ ሽቦው ላይ ሰቀለና ጠርዙን በሁለት ጣቱ እየሳበ አቃናው። አንዷ ሰላም ስትለው ፈገግ ብሎ "የሚስቴ ነው" አላት። ቧንቧው ሥር ወሬ ጸጥ አለ፤ ሳኩብቫ ውስጥ ወሬ ጸጥ የሚለው ደግሞ ሬሳ ሲያልፍ ብቻ ነው።

ሚስቱ ሙቻኔታ በዚያ ሰዓት ገበያ ላይ የደረቀ ዓሣ በጣሳ እየሰፈረች ትሸጥ ነበር። ጎረቤቷ ሴኬሳይ እያለከለከች ደረሰች።

"የኔትሳይ እናት፣ ባልሽን ምን አብልተሽው ነው?"

"ሳድዛ በጎመን።" ሳድዛ የዘወትር የበቆሎ ገንፏቸው ነው።

"ተይ እንግዲህ። እኔ ጠላትሽ ነኝ?"

"ታዲያ ሥጋ ከየት ላምጣለት?"

"ሴትዮ፣ የውስጥ ቀሚስሽን አጥቦ አሰጣው እኮ ነው የምልሽ። ዳንቴሉ እንዳይጨማደድ አቃንቶ። ካለሽ ለእኔም ቆንጠር አድርጊልኝ፤ የእኔው በሬ የበላበትን ሰሃን እንኳ ከፊቱ አንስቶ አያውቅም።"

ሙቻኔታ ሳቀች። ባትስቅ ይሻላት ነበር። ሳቋ ሳይመሽ ሰፈሩን አዳረሰ፤ ማስረጃ ሆኖም ተቆጠረባት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ አገር ባል ከለዘበ ሚስቱ አፍዝ አደንግዝ አብልታዋለች ማለት ነው። ሥሩን ቀጥቅጣ ወጥ ውስጥ ትጨምራለች፣ ሰውየው ላም ይሆናል፣ ያለችውን ይሠራል፣ ስትስቅ ይስቃል። ሌላ ማብራሪያ የለም። ወንድ ልጅ በገዛ ፈቃዱ ገር ይሆናል ብሎ የሚያምን ሰው ገና አልተወለደም።

ሙቻኔታ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። የተወለደችው ቡሄራ ነው፣ ዝናብ የሚረሳው አገር። እናቷ አማቶቿ መቆሚያ መቀመጫ ሲያሳጧት "ይደክማችኋል" የሚል ስም ለልጇ አወጣች፤ ሙቻኔታ ማለት እሱ ነው። አማቶቹ አልደከማቸውም። ሙቻኔታ በሃያ ዓመቷ ሙታሬ ከተማ ገብታ ጃይሮሲን አገባች። ጃይሮሲ ተራራው ሥር ባለ እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ትልቁን መጋዝ የሚያንቀሳቅስ፣ የጥሎሽ ከብቱን አንዲት ጥጃ ሳያስቀር የከፈለ ሰው ነበር። "ጨርሼ ከፍያለሁ" ይላት ነበር፣ እየመታት። አንድ ጊዜ የጎን አጥንቷን፣ አንድ ጊዜ የፊት ጥርሷን ሰበረ። ክሊኒክ ስትሄድ "ከደረጃ ወደቅሁ" ትላለች። ቤታቸው ደረጃ የለውም፤ ነርሷም ይህን ታውቃለች፤ "ከደረጃ ወደቀች" ብላ ትጽፋለች።

ኤች አይ ቪውንም ያመጣላት እሱ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት አብረው ተመረመሩ፤ አብረው መድኃኒት ጀመሩ። ጃይሮሲ ከሰው የሚፈራው ባይኖርም ሞትን ይፈራ ነበርና አንድ ቀን ሳያጓድል ዋጠ። ደሙ በተመረመረ ቁጥር ቫይረሱ አልታየም። ክሊኒኩ ለሌሎች ምሳሌ ነህ ብሎ ሕይወት ጣፋጭ ናት የሚል ካናቴራ ሸለመው። ካናቴራውን ለብሶ ነበር ጥርሷን የሰበረው።

ለውጡ የጀመረው ባለፈው ዓመት ዝናብ ሲገባ ነው። ዕለቱ ዓርብ ነበር፣ ደሞዝ የሚከፈልበት ቀን። ሳድዛው ቀዝቅዞ ጠበቀው። ሙቻኔታ ጥርሷን ማትረፍ ስለተማረች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከኋላዋ ምንም አልመጣም። ቀስ ብላ ዘወር ስትል ጃይሮሲ ቁጭ ብሎ ይበላል።

"ይጥማል" አላት።

በሚቀጥለውም ዓርብ አልመታትም። በሦስተኛው ከሥራ በቀጥታ ቤቱ ገባ፤ አፉ መጠጥ አይሸትም። አንድ ቀን የውኃ ባልዲዋን ከራሷ ላይ አውርዶ ራሱ ተሸከመው። ሌላ ቀን ገበያ ድረስ ተከትሏት መጥቶ ሣጥን ላይ ተቀመጠ፤ ማንጎ ልጦ፣ ቆራርጦ፣ ወፍራም ወፍራሙን ለእሷ እየሰጠ ፍሬውን ራሱ መጠጠ። የሙቻኔታ አንጀት ቅቤ ጠጣ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ "እርስዎ" ስትለው የኖረችውን ሰው "አንተ" ማለት ጀመረች፤ እሱም ወደደው። ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው፣ የአሥራ ሦስት ዓመቷ ኔትሳይና የስምንት ዓመቷ ሳሩድዛይ፣ አባታቸው ሲገባ ከአልጋ ሥር መደበቅ ተዉ።

ሌላውንም አይታለች፤ ሞኝ አይደለችም። ጫማውን አዟዙሮ ያደርጋል። አንድ ቃል ፈልጎ አፉን ከፍቶ ይቆይና ትቶት ፈገግ ይላል። ዛሬ ማክሰኞ ነው ስትለው "እሺ" ይላል፤ ትንሽ ቆይታ ዛሬ ዓርብ ነው ብትለውም "እሺ" ይላል። እንጨት መሰንጠቂያው ውስጥ መጋዙ እየዞረ እሱ ግንዱን ይዞ ዝም ብሎ ሲያየው ጊዜ አለቃው "እጅህን ሳትቆርጥ ሂድልኝ" ብሎ አሰናበተው። ይህን ሁሉ እያየች ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ሐኪም ቤት ብወስደው ይህን ሰው ይወስዱብኝና ያንን ይመልሱልኛል ብላ ፈራች። ፍርድ የምትወዱ ፍረዱባት። እኔ አሥራ ሰባት ዓመት ተመትቼ ስለማላውቅ አልፈርድም።

የውስጥ ቀሚሱ ወሬ በሳምንቱ ገጠር ደርሶ ቴቴ ማርዌይን ይዞ መጣ። ቴቴ ማርዌይ የጃይሮሲ አባት እህት ናቸው። የአባት እህት በዚያ አገር ዳኛም ናት፣ ፖሊስም ናት። ሲገቡ ጃይሮሲ ሰሃን ያጥብ ነበር።

"ማነው ይሄ?" አሉ፣ በሩ ላይ ቆመው።

"ጃይሮሲ ነው እንጂ፣ ቴቴ።"

"የእኔ ጃይሮሲ ሰሃን አያጥብም። የእኔ ጃይሮሲ እንኳን ሰሃን ፊቱንም የሚታጠበው በስንት ልመና ነው።"

ጃይሮሲ ሳቀ። ቴቴ አልሳቁም። ቤቱ ውስጥ ባለችው አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

"አንቺ ልጅ፣ ከየት ገዛሽው?"

"ምኑን?"

"አታድክሚኝ። እኔም ባል ነበረኝ። እኔም አስቤው አውቃለሁ፤ ግን እግዜርን ፈርቼ ተውኩት።"

"ምንም አላበላሁትም፣ ቴቴ።"

"ደግ። ያላበላሽውን ፍቺልኝ። የገዛሽበት አዋቂ ጋ ሂጂና ማርከሻውን አምጪ። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልፈታሽው ጉፑሮሽን ትቀበያለሽ። ልጆቹ የእኛ ናቸው።"

ጉፑሮ ባል ሚስቱን ሲፈታ መዳፏ ላይ የሚያኖራት አንዲት ሳንቲም ናት። የተቀበለች ሴት ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች፤ ከብት የተከፈለባቸው ልጆች ይቀራሉ። ሳንቲሟን መስጠት የሚችለው ግን ባልየው ብቻ ነው፤ ቴቴም ማስፈራሪያው ከእሱ አፍ እንዲወጣ ከኪሳቸው አውጥተው ጃይሮሲ እጅ ላይ አስቀመጡለት።

"በላ ንገራት" አሉት።

ጃይሮሲ ሳንቲሟን አገላብጦ አያት። ከዚያ ለትንሿ ልጁ ሰጣት። "ከረሜላ ግዢ" አላት። ወደ ሚስቱ ዞሮም "ሚስቴ ናት" አለ፣ ቴቴ ያላወቋት ይመስል።

ሙቻኔታ ያን ዕለት ሒሳቡ ገባት። ይህ ሰው እንዲህ እንደፈዘዘ እስካለ ድረስ ከልጆቿ የሚነጥላት የለም። መድረሻዋን የሚያጠፋው መዳኑ ነው።

በዚህ ሐሳብ ሦስት ሳምንት ኖረች። በአራተኛው ሳሩድዛይ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጃይሮሲ በሩ ላይ ቆሞ በአክብሮት ጎንበስ አለና "የማን ልጅ ነሽ?" ብሎ ጠየቃት። ልጅቷ ጨዋታ መስሏት ሳቀች። "የጃይሮሲ" አለችው። "አላውቀውም፤ እናትሽ ትፈልግሻለች፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ" ብሎ በሩን ዘጋባት። ሙቻኔታ ከገበያ ስትመጣ ልጅቷን ደጅ ተቀምጣ፣ ዩኒፎርሟን አርሳ፣ ስታለቅስ አገኘቻት። ወዲያው ባሏን ይዛ ትልቁ ሆስፒታል ሄደች።

የተቀበለቻቸው ዶክተር ኛሙካፓ የምትባል ወጣት ሐኪም ናት፤ ቫይረሱ ጭንቅላት ውስጥ የሚያደርገውን የምታጠና። ጃይሮሲን አስተኝታ ብዙ ጠየቀችው። ከመቶ ወደ ኋላ በሰባት በሰባት ቀንስ ስትለው "መቶ" አለ፤ ትንሽ ቆይቶ "ጥሩ ቁጥር ነው" አላት። ዶክተሯ ወደ ሙቻኔታ ዞረች።

"ከጀመረው ስንት ጊዜው ነው?"

"ሁለት ወር።"

"በሁለት ወር እዚህ አይደርስም፣ እናቴ።"

"ዓመት ሆኖታል።"

"ዓመት ሙሉ ለምን አላመጡትም?"

ሙቻኔታ መሬት መሬቱን አየች። "አይመታኝም ነበር" አለች።

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ዶክተሯ የሐኪም ፊቷን መልሳ እስክታደርግ ትንሽ ቆየች።

"ክሊኒኩ ደሙ ንጹሕ ነው ብሎ አልዋሸዎትም" አለች። "ግን ደም አንድ ሰፈር ነው፣ ጭንቅላት ሌላ ሰፈር። በመካከላቸው ግንብ አለ፤ የሚውጠው መድኃኒት ያንን ግንብ በሚገባ አያልፍም። ቫይረሱ ድሮ፣ መድኃኒት ሳይጀምር ገብቶ ከሆነ፣ እዚያ ተደብቆ ይኖራል።"

"ምን እየበላ?"

"እሱ ነው ዋናው ነገር። ደም ውስጥ ያለው ቫይረስ የሚፈልገው ሲዲፎር የሚባል እጀታ የሞላበትን ሴል ነው፤ እጀታውን ይዞ ነው በር የሚከፍተው። ጭንቅላት ውስጥ እንዲህ ያለ ሴል እንደ ልብ አይገኝም። በብዛት ያለው ማክሮፌጅ ነው፤ ቆሻሻ እየዋጠ የሚያጸዳ ጠራጊ ሴል። ጠራጊው ላይ ያ እጀታ በጣም ጥቂት ነው። ከደም በቀጥታ የመጣ ቫይረስ ይቸገራል። እዚያው የከረመው ግን ሲባዛ ይለዋወጣል፤ የጠቀመው ለውጥ እየቀረለት ሄዶ ሄዶ በጥቂት እጀታ በር መክፈት ይለምዳል። ያኔ ጠራጊውን ቤቱ ያደርገዋል። ደሙ ውስጥ ካለው ጋር ወንድማማች ይሁኑ እንጂ ጠባያቸው ለየቅል ነው።"

"ጠራጊው አይሞትም?"

"ክፋቱ እሱ ነው፤ ቶሎ አይሞትም። ታምሞ፣ ዙሪያውን እያቃጠለ፣ ብዙ ጊዜ ይኖራል። ባለቤትዎን እንዲህ ያደረገው ያ ይመስለኛል። ሰው ምንም አላበላውም።"

በጥቂት ነገር መኖር ስለለመደ ፍጥረት ስትሰማ ሙቻኔታ አልገረማትም። እሷም ዕድሜ ልኳን የሠራችው ይህንኑ ነው። የገረማት ሌላ ነው፦ ማንጎ ልጦ የሰጣት ማን እንደሆነ አሁን መታወቁ።

"ከዳነ እንደ ድሮው ይሆናል?" አለች።

"ሙሉ በሙሉ እንኳ ባይሆን ብዙው ይመለሳል፤ ተስፋ አለን።"

"እንደ ድሮው?"

ዶክተሯ ጥያቄው ሲደገም ገባት። የሕክምና ትምህርት ቤት መልሱን አያስተምርም። "መጀመሪያ እርግጠኛ መሆን አለብን" ብላ አለፈችው። "ከጀርባ አጥንቱ መሃል በመርፌ ትንሽ ውኃ እንወስዳለን። ያ ውኃ ከጭንቅላቱ ጋር የተገናኘ ነው። ቫይረሱ ከተገኘ ግንቡን የሚያልፍ መድኃኒት እንቀይርለታለን። ካልተደረገ ግን እስከ ገና መሰንበቱን እጠራጠራለሁ።"

ቴቴ ማርዌይ ይህን ሲሰሙ ከመንደር ድረስ ተመልሰው መጡ። የጀርባ መርፌ ይገድላል ብለው የሚያምኑት እሳቸው ብቻ አይደሉም፤ አገሩ በሙሉ ያምናል። መርፌው የሚወጋው ብዙ ጊዜ ሊሞት የደረሰ ሰው ስለሆነ፣ ብዙዎቹም ስለሞቱ፣ የገደላቸው መርፌው ነው ተባለ። በዚህ ስህተት ስንቱ ሊድን የሚችል ሰው እንደተቀበረ የቆጠረው የለም።

"ከእኛ መንደር የሦስት ሰው ውኃ ቀድተው ገደሉብን" አሉ ቴቴ፣ አልጋው አጠገብ ቆመው። "የእኔን ልጅ ማንም አይነካውም።"

"ሚስቱ ከፈረመች ይበቃል" አለች ዶክተሯ።

"ሚስቱ? በሥር የጀመረችውን በመርፌ ልትጨርሰው?" ወደ ሙቻኔታ ዞሩ። "ፈርሚ። ከሞተ አብረሽው ትቀበሪያለሽ። ከዳነ ደግሞ እንተያያለን።"

ሙቻኔታ ወረቀቱን ሦስት ቀን በእቅፏ ይዛው ዋለች። ባትፈርም የሚወቅሳት የለም፤ እንዲያውም ቴቴ ያመሰግኗታል። የዋሁ ሰውዬ ይቆይላታል፤ ጥቂት ወር፣ ከዚያ ይሞታል፣ እሷም ባሏ የሞተባት ትሆናለች እንጂ የተፈታች አትሆንም። ይህን ሁሉ አሰበችው። እንዳላሰበችው አድርጌ ብነግራችሁ ውሸታም ነኝ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሳድዛ ስታጎርሰው ጃይሮሲ እጇን ያዘ። ዓይኑ ለአፍታ ጠራ። ፈርቶ ነበር፤ አሥራ ስምንት ዓመት አብራው ስትኖር ፈርቶ አይታው አታውቅም።

"ጠፍቻለሁ" አላት። "የት እንዳለሁ አላውቅም። ፈልጊኝ።"

"እዚህ ነህ እኮ።"

"አይደለሁም። ፈልጊኝ በናትሽ።"

የለመናት የዋሁ ሰውዬ ነው። ፈልጊው ያላት ግን ያንን ሌላውን ነው። እንቢ ልትለው አልቻለችም፤ በሕይወቷ "በናትሽ" ብሎ የለመናት ወንድ እሱ ብቻ ነበር። ተነሥታ ሄዳ ፈረመች።

በመርፌው አልሞተም። ውጤቱ ሲመጣ ደሙ ውስጥ ምንም አልነበረም፤ ከጀርባው የተቀዳው ውኃ ግን በቫይረስ ተሞልቶ ነበር። ከሳምንታት በኋላም ዶክተሯ ቫይረሱ በላቦራቶሪ እንደተፈተነና በትክክል ማክሮፌጅ መኖሪያው ያደረገው ዓይነት እንደሆነ ነገረቻት። ደስ ብሏት ነበር፤ ለጥናቷ እንዲህ ጥርት ያለ ነገር አግኝታ አታውቅም። ወረቀቱን ማኅተም አድርጋ ሰጠቻት። "ማንም ቢጠይቅዎት ይህን ያሳዩ" አለቻት።

አዲሱ መድኃኒት በሁለተኛው ወር መሥራት ጀመረ። ጃይሮሲ የልጆቹን ስም ጠራ። የጫማውን ክር አሰረ። ከመቶ እስከ ሁለት በሰባት በሰባት ቀንሶ ሲጨርስ ዶክተሯ አጨበጨበች። በሦስተኛው ወር ባልዲውን ለሙቻኔታ መልሶ ሰጣት፤ እግሯ ሥር አስቀመጠላት። በአራተኛው ሥራ ገባ። ዓርብ ሲመጣ ሳሩድዛይ ማንም ሳይነግራት አልጋው ሥር ገብታ ተቀመጠች። ልጅ ቶሎ ይገባዋል። ሙቻኔታም "እርስዎ" ማለት ጀመረች።

እሑድ ዕለት ቴቴ ማርዌይ ዘመድ አዝማድ ሰብስበው መጡ። ቤቱ ስለማይበቃ ደጅ ላይ ወንዶቹ አግዳሚ ወንበር፣ ሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ሴኬሳይም ከአጥሩ ወዲያ ልብስ የምታሰጣ መስላ ቆመች። ቴቴ የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ተረኩ። ሲያበቁ ሙቻኔታ ተንበርክካ ወረቀቱን አወጣች፤ ኔትሳይ ጮክ ብላ አነበበችው። ቫይረስ፣ ጭንቅላት፣ ማክሮፌጅ። ልጅቷ ቃሉ ላይ ተደናቀፈች።

"ቀኑ ስንት ይላል?" አሉ ቴቴ።

ኔትሳይ ቀኑን አነበበች።

"እኔ ፍቺው ካልኳት በኋላ ነው። አያችሁ?" ቴቴ ወደ ተሰበሰበው ዞሩ። "ዓመት ሙሉ ፈዞ ኖረ፤ ፍቺው አልኳት፣ ዳነ። ያላበላች ሴት ምኑን ትፈታለች? በሽታ ቢሆን ኖሮ ስድስት ዓመት የዋጠው መድኃኒት ምን ሲሠራ ነበር?"

"መድኃኒቱ ተቀይሮ ነው፣ ቴቴ። ግንቡን አያልፍም ነበር።"

"የምን ግንብ?"

አግዳሚው ላይ አንድ ሰው ሳቀ። ሙቻኔታ ልታስረዳ ሞከረች፤ እጀታውን፣ ጠራጊውን፣ በጥቂቱ መኖር የለመደውን። ከዶክተሯ አፍ ሲወጣ ግልጽ የነበረው ነገር ከእሷ አፍ ሲወጣ የአዋቂ ቤት ወሬ መሰለ። እያወራች ሳለ ራሷም ሰማችው፤ ወረቀቱን ከኔትሳይ ተቀብላ አጠፈችው። ባትፈርም ኖሮ ንጹሕ ሆና ትቀር ነበር። ባሏን ማዳኗ ወንጀሏን አረጋገጠባት።

ጃይሮሲ አሁን ቀና አለ። ዓይኑ የጠራ፣ አንደበቱ የተፍታታ ነበር።

"በቧንቧው ፊት ነው ያጠብኩት?" አለ።

"በቧንቧው ፊት" አሉ ቴቴ።

"ሰው ሁሉ እያየ?"

"ዳንቴሉን እያቃናህ።"

ራሱን ነቀነቀ። እጁን ኪሱ ከተተና ሳንቲም አወጣ። ሙቻኔታ አላለቀሰችም፤ አንድ ነገር ማወቅ ብቻ ፈለገች። እሷን የሚያውቃት፣ የለመናት ሰው ከውስጡ ጨርሶ ወጥቶ ከሆነ ቢያንስ የምትጠላው ሌላ ሰው ነው፤ ይህን መሸከም ትችላለች።

"የኔትሳይ አባት" አለችው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ያንን ዓመት ጨርሶ አያስታውሱትም? እንዴት እንደነበርን?"

ጃይሮሲ አያት። ለአፍታ ልክ ማንጎውን ሲልጥላት የነበረው ፊት ሆነ፤ አወቀችው። እዚያው ነበረ።

"አስታውሳለሁ" አላት። "አንዱም አልጠፋኝም። ከአንቺ ጋር ልኖር የማልችለው ለዚያ ነው።"

በዚያ አገር ሰው አንድ ነገር ሲሰጥሽ ዝም ብለሽ አትቀበዪም፤ መጀመሪያ ሁለት እጅሽን ታጨበጭቢያለሽ፣ ከዚያ መዳፍሽን አጋጥመሽ ትዘረጊያለሽ። ሙቻኔታ እንደተንበረከከች ሁለት ጊዜ አጨበጨበችና መዳፏን ዘረጋች። ልጆቿ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። ጃይሮሲ ሳንቲሟን መዳፏ መሃል ላይ በትክክል አስቀመጠ፤ መድኃኒቱ ሠርቷል።